ጥጃ የሚሸሸው ሰው

አያ ይሻው በመንደር ሲያልፍ ጥጃ ሁሉ ይሸሸዋል። ገና በአጥሩ ጥግ ብቅ ሲል አንዱ ጅራቱን ሰቅሎ ወደ እናቱ ይፈረጥጣል፣ ሌላው ገመዱን በጥሶ ድንች ማሳ ውስጥ ይገባል። የድንቹ ባለቤቶች ይራገማሉ፤ እሱ ግን ደስ ይለዋል። ጋቢውን ወደ ትከሻው እየመለሰ «ከብት ሐኪሙን ያውቃል። ባለውለታውን የሚረሳ ሰው ብቻ ነው» ይላል።

ውለታው የሚዋለው በብረት ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት መንደሮች ጥጃ ሲያስል፣ ወይፈን ሲያነክስ፣ ላም ሆዷን ሲነፋት የሚጠራው እሱ ነው። ጥርሱ ያለቀ፣ እጀታው በጠፍር የተጠቀለለ አሮጌ ማጭድ አለው፤ የአባቱ ነው። እሳት ውስጥ ከቶ እስኪቀላ ይጠብቅና የታመመውን ከብት ጎኑ ላይ ሁለት ጊዜ በቁም፣ አንድ ጊዜ በአግድም ይተኩሰዋል። ያቺ ምልክት የአባቱም የአያቱም ናት። ደብረ ታቦር ገበያ ላይ የከብት ነጋዴዎች ምልክቷን ሲያዩ «ይኼስ የነይሻው እጅ ያረፈበት ነው» ይባባላሉ። ለማመስገን ይሁን ከብቱን ለማጣጣል ጠይቋቸው አያውቅም።

ስንቱን እንዳዳነ ለሚጠይቀው ሰው ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ይቆጥርለታል። ስንቱ እንደሞተ ለሚጠይቀው ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ «የዳነው በእጄ፣ የሞተው በቀኑ» ይላል። ይቺንም አባባል ከማጭዱ ጋር ነው የወረሳት። ተኩሶ ሲጨርስ ብረቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ የቀረበለትን ጠላ ቆሞ ጨልጦ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። ቁጭ ማለት አይሆንለትም። ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ተቀምጦ እሱ ድንኳኑን ይዞራል፤ ካስማው ላልቷል ብሎ በድንጋይ ይቀጠቅጣል። ማኅበር ላይ ጸሎቱ ሳያልቅ በሩ ጋ ደርሷል። ሚስቱ አሰለፈች «ይኼ ሰውዬ የሚያርፈው የተቀበረ ዕለት ነው፤ እሱንም እንጃ» ትላለች።

እንግዲህ ይኼን ሰው ነው «እጅዎን ይሰብስቡ፣ ምንም አይንኩ» ያሉት።

ነገሩ ከአንዲት ጥጃ ነው የመጣው። አሰለፈች ስትዳር አባቷ በማጫ አንዲት ዳለቻ ጊደር ሰጥተዋት ነበር። ጊደሯ ላም ሆና ወለደች፤ ልጇም ወለደች፤ በዚያ ቤት ያደጉት ልጆች ሁሉ የጠጡት ወተት ከዚያች ዘር የታለበ ነው። ልጆቹ ተድረው ወጡ። የላሚቱም ዘር እየሳሳ መጣ፤ በተከታታይ ወንድ ወንዱ ተወለደና ለእርሻ ሄደ። አምና አንዲት ሴት ጥጃ ተገኘች፣ እሷም በሳል ተያዘች። አያ ይሻው ተኮሳት። ሳምንት ሳትሞላ ሞተች።

«በቀኗ ነው» አለ። ግን ይኼን ሲናገር ድምፁ ቀጠነ፤ አፉ ያለውን ልቡ አልተቀበለውም ነበር። አሰለፈች አልወቀሰችውም። እሷ በባሏ እጅ ያላት እምነት በጠበል ካላት እምነት እምብዛም አያንስም። እንዲያውም «ዘግይተህ ነው። እንዳሰለች ወዲያው ብትተኩሳት ኖሮ ትተርፍ ነበር» አለችው። ልታጽናናው ነበር፤ እሱን ግን የባሰ አስጨነቀው።

ክረምቱ ሲገባ ላሚቱ ሌላ ሴት ወለደች። ከዚያም በነሐሴ ጭቃ ተንሸራታ ገደል ገባች። የቀረችው ጥጃዋ ብቻ ናት። ስሟን ሸጌ አሏት፤ ዳለቻ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ጣል ያለባት። እሷ ከሞተች የአሰለፈች አባት ስጦታ ከዚያ ቤት ይጠፋል። ሸጌ በጥቅምት ብርድ ማሳል ጀመረች።

በዚያው ሰሞን ዶክተር ሠናይት የምትባል የከብት ሐኪም፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ወጣት ሴት፣ በመንደሩ እየዞረች የጥጃ ደም ትወስድ ነበር። ጥጃ የሚይዝላት ሰው ስትጠይቅ ሁሉም ወደ አያ ይሻው ጠቆመ። በእርግጥም ጥጃ መጣል ከእሱ ወዲያ ላሳር ነው። ከኋላ ተሹለክልኮ አንገቱን ጠምዘዝ፣ እግሩን ሳብ ያደርገውና ጥጃው ሳያውቀው ተጋድሟል። ሥራ ስላገኘ ደስ ብሎት ከቤት ቤት አብሯት ዋለ። እሷ ከአንገት ሥር ደም ስትቀዳ እሱ ጥያቄ ያዥጎደጉዳል።

«ይኼን ደም ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ?»

«ውስጡ ያለውን ማዕድን ነው የምለካው፣ አባባ። ብረቱን፣ ዚንኩን፣ መዳቡን።»

«ጥጃ ብረት አለው?»

«በጣም ጥቂት ናት፣ ግን አለች። በአንቱም በእኔም ደም ውስጥ አለች» አለች ሠናይት። «ቁስል ሲቆጣ አይተው የለም? ያብጣል፣ ይግላል። የሰውነት ውስጥም እንደዚያው ይቆጣል፤ ከላይ ሆነን ግን አናየውም። ሲቆጣ ብረቱና ዚንኩ ከደሙ ይቀንሳል፣ መዳቡ ይጨምራል። ጥጃ ገና ሳል ሳይጀምረው ሕመሙን ከደሙ ማወቅ እንችላለን ወይ፣ ሲድንስ ደሙ ይመለሳል ወይ፣ እሱን ነው የማጠናው።»

«ብረቱ የት ይሄዳል?»

«ሰውነቱ ይደብቀዋል። የሚያሳምሙት ተዋሲያን ብረት ይወዳሉ፤ እንዳያገኙት ይሸሽገዋል።»

ይኼ ገባው። ሽፍታ በበዛበት ዘመን አያቱ ገብስ የቀበሩበት ጉድጓድ ዛሬም ከጓሮው አለ፤ በልጅነቱ ወድቆበት እጁን ሰብሮበታል። «እህል እንደ መቅበር ነዋ» አለ፣ ሠናይትም «እንዲያው ነው» አለችው። የጥጃ ገላ እንደ አያቱ ብልህ መሆኑ ገረመው።

ማታውን ሸጌን አሳያት። ሠናይት ማዳመጫዋን ጎኗ ላይ አድርጋ ቆየችና ሳንባዋ መታመሙን ነገረችው። ደም ቀዳች፤ መርፌ ወጋቻት፤ የሚቀጥለውንም መርፌ የቀበሌው የከብት ጤና ባለሙያ እየመጣ እንደሚወጋት ነገረችው። ከዚያ ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«አንድ ነገር ልለምንዎ፣ አባባ። ሥራዎን አውቃለሁ። ይቺን ጥጃ ግን እስክንጨርስ አይተኩሷት። ቃጠሎ ራሱ ሰውነትን ያስቆጣል። ደሟ ተቆጥቶ ባገኘው የሳንባዋ ይሁን የቃጠሎው መለየት አልችልም። መድኃኒቱ ሠርቶ እንደሆነም አናውቅም።»

አያ ይሻው አምና የሞተችውን አሰበ። ብረቱ ጎኗ ላይ ሲያርፍ ጉልበቷ እንደከዳት አስታወሰ። «አልነካትም» አለ። «ሚካኤል ምስክሬ ነው።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ገና ሠናይት ከግቢው ሳትወጣ እጁ ይበላው ጀመር። ያም ሆኖ ቃል ቃል ነው፤ በዚያ ላይ የተጠራው ሚካኤል ነው።

አሰለፈች ስትሰማ የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች። «የአባቴን ዘር ለመርፌ ሰጠኸው?»

«እየታከመች ነው፤ ምን ሰጠሁ?»

«የሰዉን ጥጃ ሁሉ አድነህ አድነህ የእኔ ላይ ስትደርስ እጅህን ታጥፋለህ?»

እውነቱን አፉ አይደፍረውም፤ አያ ይሻው እጁን ፈርቶት ነበር። በአባቱ እጅ፣ በአያቱ እጅ፣ በገዛ እጁ ላይ ጥርጣሬ ገብቶበት ነበር። ይኼን ለሚስቱ መንገር ማለት አብራው የኖረችበትን ቤት ምሰሶ መንቀል መሰለው። ስለዚህ ተነሥቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ኑሮ ለሰይጣንም አይስጠው። ሸጌ ስታስል ይነሣል፤ ዝም ስትልም ምነው ዝም አለች ብሎ ይነሣል። ጎኗ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል፤ ምን እንደሚሰማ አያውቅም፣ ግን ያዳምጣል። ድንች ሊቆፍር ይወጣና አንዱን ትልም ሳይጨርስ ዶማውን እንደተከለ ትቶት ይመለሳል። ያልላላ አጥር ያጠብቃል። ቤት ሲገባ ዓይኑ ወደ ወራጁ ይሄዳል፤ ማጭዱ የተሰካው እዚያ ነው። ምግብ ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ እጁን ይታጠባል። አሰለፈች እያየች ትብሰከሰካለች።

«አንተ ሰውዬ፣ እባክህ ተቀመጥ» ትለዋለች። «እኔ ከእሷ ይልቅ ያንተ ነገር ነው ያስፈራኝ።»

«ተቀምጫለሁ» ይላል፣ ቆሞ።

ሳሉ መቀነስ ጀምሮ ነበር። ልቡ ግን አላመነም። አምናም የሞተችው ሳሉ ጋብ ካለላት በኋላ ነው። ደሙ ምን እንዳለ ካልሰማ እህል ውሃ አልወርድለት አለ። ሠናይት ደግሞ መሣሪያው ያለው ሌላ ከተማ ነው፣ ውጤቱ ይቆያል ብላዋለች። አንድ ጠዋት ብድግ አለና በባጃጅ ደብረ ታቦር ወርዶ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆመ።

«ማንን ነው የሚፈልጉት አባት?» አለው ጥበቃው።

«ደም።»

ጥበቃው ፊቱ ተለወጠ። አያ ይሻው «የጥጃ ደም ነው» ብሎ አስረዳ፤ ማስረዳቱ ነገሩን የባሰ አወሳሰበው። ስልክ ሲደዋወሉ ቆይተው ዶክተር ሠናይት ይፋግ ለሥራ እንደወረደች፣ የዚያን ቀን እንደማትመለስ ነገሩት። ምናልባት ብሎ እዚያው ቆሞ ዋለ። ጥበቃው አሳዝኖት ወንበር ቢያመጣለትም አልተቀመጠበትም። ሲመሽበት ከገበያ ለሸጌ ጨው ገዝቶ ተመለሰ።

ከመንደሩ መግቢያ ላይ ጎረቤቱን በላይነህን አገኘው። በላይነህ ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ከተማው ወሬ ጨምድዶ የሚይዝ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ከሩቅ «እንዴት ዋልክ አያ ይሻው» አለና ወደ ገብሱ ማሳ ታጠፈ። ቤት ሲገባ የማረር ሽታ ነበር። «ቆሎ ስቆላ አረረብኝ» አለች አሰለፈች፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ለሌላ ሰው ያ ሽታ የቆሎ እንዳልሆነ ግልጽ ነበር። እሱ ግን ዕድሜውን ሁሉ ከዚያ ሽታ ጋር የኖረ ሰው ነው፤ አፍንጫው ሽታ አድርጎም አልቆጠረው።

በማግሥቱ አሰለፈች ጨዉን በመዳፏ ይዛ ሸጌን ጠራች። ሸጌ በእሷ እጅ ነበር ጨው መላስ የለመደችው። አሁን ግን አልመጣችም። ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለች ከበረቱ ግድግዳ ተጣበቀች። አያ ይሻው ጨዉን ተቀብሎ ሲዘረጋላት መጥታ ላሰች። ትንሽ ደስ አለው። ወዲያው ግን ደስታው ወደ ፍርሃት ተለወጠበት። ከእመቤቷ እጅ ጨው እምቢ ያለች ጥጃ ጤነኛ አይደለችም። ቀኑን ሙሉ ሲከታተላት ዋለ፤ በማግሥቱም፣ ከዚያም በኋላ እንደዚያው ሆነች። አሰለፈችን ስታይ ትንቀጠቀጣለች። እሱ ግን ነገሩን ከሳንባዋ ጋር ብቻ አያያዘው። ሰው የፈራውን ነው የሚያየው።

ሠናይት ስትመጣ ይኼን ሁሉ ነገራት። የመጀመሪያው ደም እንደተጠበቀው መሆኑን፣ ብረቱ ወርዶ መዳቡ ወጥቶ መገኘቱን እሷም ነገረችው። ሳንባዋን ስታዳምጥ ግን ፊቷ በራ። «ጠርቷል። በጣም ደኅና ናት» አለች። ሁለተኛውን ደም ቀድታ ሄደች። አያ ይሻው ያን ሰሞን ትንሽ እህል በላ።

ሁለተኛው ውጤት የመጣ ቀን ሠናይት ስልክ አልደወለችም፤ ራሷ መጣች። ከባጃጁ ወርዳ አቀበቱን ስትወጣ አረማመዷን አይቶ ክፉ ነገር እንዳለ አወቀ። አሰለፈች በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አባባ፣ አልገባኝም» አለች ሠናይት። «ሳንባዋ ድኗል፣ ሳሉ የለም። ደሟ ግን ከመጀመሪያውም ብሶ ተቆጥቷል። ብረቱ የለም ማለት ይቻላል። ዚንኩ ወርዷል፤ መዳቡም ጨምሯል። አንድ ቦታ፣ እኛ የማናየው ቦታ፣ የሆነ ነገር አለ።»

«የት ነው?»

«ምናልባት ጉበቷ ውስጥ መግል ቋጥሮ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ በመርፌ የሚመለስ አይደለም። ሲያሠቃያት ከሚከርም...» አለችና አልጨረሰችውም። ከብት ያረባ ሰው ሁሉ ቀሪውን ያውቀዋል። አሰለፈች የበሩን መቃን ያዘች።

ሠናይት ዝቅ ባለ ድምፅ «አባባ፣ አይቀየሙኝና፣ ተኩሰዋታል?» አለችው።

አያ ይሻው ፊቱ ቀላ። «ሚካኤልን ጠርቼ? ይኼ ጺም የሸበተው ለውሸት ይመስልሻል?» አለ። «ነይ። ነይ አብረን እንፈልግ። አንዲት የእሳት ምልክት ገላዋ ላይ ካገኘሽ ሰው አይደለሁም።»

ሸጌን ይዞ በዚያ በሚታወቅበት ዘዴ አጋደማት። ግራ ጎኗን ዳሰሱ፤ ምንም የለም። ገለበጧት፤ ቀኟም ንጹሕ ነው። ጀርባዋን፣ ትከሻዋን፣ የአንገቷን ሥር አዩ። እሱ በየቦታው «አየሽ? አየሽ?» ይላል። በመጨረሻ የኋላ እግሯን ወደ ላይ ሲያነሣ ሸጌ ተወራጨች። የጭኗ ውስጥ፣ ጠጉሩ ስስ የሆነበት ቦታ፣ አብጦ ቀልቷል። ከቅርፊቱ ሥር መግል ይዟል። ሁለት በቁም፣ አንድ በአግድም።

ሰው የገዛ ስሙን ሌላ ሰው ጽፎት ሲያገኝ እንደሚሆነው ሆነ። ለአፍታ፣ ሳላውቀው በእንቅልፍ ልቤ ተነሥቼ ተኩሼያት ይሆን ብሎ ራሱን ጠረጠረ። ከዚያ አጎንብሶ ደግሞ አየ። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ እጅ ተንቀጥቅጦባቸዋል። አግድሟ ደግሞ የጀመረችው ከግራ ሳይሆን ከቀኝ ነው። በዚያ ቤት ግራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ። አሰለፈች አላየችውም፤ መሬት መሬቱን ነበር የምታየው።

«እኔ ነኝ» አለ አያ ይሻው።

ሠናይት አፍጥጣ አየችው። ገና አሁን በሚካኤል የማለ ሰው ነው።

«እኔ ነኝ» አለ እንደገና። «ጨንቆኝ ነው። ጻፊው።»

«በሚካኤል የማልከውን ሐሰት አታድርገው» አለች አሰለፈች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እሱ አይደለም፣ ልጄ። ከተማ ወርዶ የዋለ ዕለት እኔ ነኝ የተኮስኳት። በላይነህ ያዘልኝ። እሱንም በግድ ነው፤ እግሩ ላይ ወድቄ።»

ሸጌ መሬት ላይ ተጋድማ ታለከልካለች። አሰለፈች ወደ ባሏ ዞረች።

«ሳትተኩሳት ብትሞት ራስህን ትበላለህ። ብትተኩሳት ቃልህን ትበላለህ። ሌት ተቀን ስትንቆራጠጥ እያየሁ ምን ላድርግ? እኔ ቃል አልሰጠሁም። እኔ ብተኩሳት እሷ ትድናለች፣ አንተም በቃልህ ትኖራለህ አልኩ። ከጭኗ ሥር ያደረግሁት እንዳታየው ብዬ ነው። የቀረውን አንተ ስታደርግ እንዳየሁት ነው ያደረግሁት።»

ሠናይት የያዘችውን ቦርሳ አስቀምጣ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ትቆጣለች ብለው ሲጠብቁ እፎይ አለች። «እንግዲያ ጉበቷ አይደለም» አለች። «ደሟ የነገረን ይኼን ነው። ይኼ ቁስል አመርቅዟል፤ ሰውነቷ የተቆጣው በዚህ ነው። ሳንባዋማ በመድኃኒቱ ድኗል። ጥጃዋ አትሞትም፣ እማማ። ይኼን ካከምነው አትሞትም።»

አሰለፈች ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። አታልቅሽ የሚላት አልነበረም። አያ ይሻው ነገሩ አሁን ገባው። ሚስቱ ስላመነችው ጥጃዋን ገደል አፋፍ ላይ አድርሳት ነበር። ያመነችው ደግሞ እሱ ራሱ ማመን የተወውን እጅ ነው። ፈርቻለሁ ብሎ ነግሯት ቢሆን ኖሮ ብረቱን አትነካውም ነበር።

ሠናይት የሚቀባ መድኃኒት ሰጠቻቸው። ጠዋትና ማታ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ እንዲታጠብ፣ ከዚያ እንዲቀባ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት እንዲጠበቅ አስረዳች። አሰለፈች ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ ሸጌ ተወራጭታ ልትነሣ ታገለች። መድኃኒቱን አያ ይሻው ተቀበለ።

እንዲህ ሆኖ አያ ይሻው በዚያ ዕድሜው ቃጠሎ ያስታምም ጀመር። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ይኼ ሰው ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ሲተኩስ ኖሮ የቃጠሎ ቁስል ሲከርም አይቶ አያውቅም። እንዴትስ ያየዋል? ተኩሶ፣ ጠላውን ቆሞ ጠጥቶ፣ ወደ ሌላ ቤት ነው። ቅርፊቱ ሲነሣ ሥጋው እንዴት እንደሚታይ አሁን አየ። ጨርቁ ገና ሳይነካት ቆዳዋ እንዴት እንደሚንዘፈዘፍ አየ። ዛሬ ዳነ ሲሉት ነገ እንደሚያመረቅዝ፣ ዝንብ ከየት እንደሚመጣ፣ ጥጃ በሌላኛው እግሯ ብቻ ቆማ እንዴት እንደምታድር አየ። አምና የሞተችውን፣ ከዚያም በፊት ያሉትን፣ በየበረቱ ትቷቸው የሄደውን ሁሉ እያሰበ ያጥባል። እጁ ሥራ ስላገኘ ማረፍ ነበረበት፤ ልቡ ግን ከበፊቱ የባሰ ዕረፍት አጣ።

አንድ ማታ እራት ላይ «ስትተኩሻት ጮኸች?» አላት።

«አልጮኸችም» አለች አሰለፈች። «ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። ሁሉም እንዲያ ናቸው?»

አያ ይሻው ጉርሻውን መልሶ ሰሃኑ ላይ አስቀመጠ።

«አላውቅም» አለ። «እኔ የማየው ብረቱን ነው።»

ቁስሉ ሲደርቅ ሠናይት መጥታ ደም ወሰደች። ውጤቱን በስልክ ነገረችው፤ ብረቱ ተመልሷል፣ ዚንኩም እንዲሁ፣ መዳቡ ወደ ልኩ ወርዷል። ሸጌ ድናለች። በላይነህ አጥሩ ላይ ሆኖ «እንኳን ደስ አለህ አያ ይሻው» አለ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲያየው ይኼ የመጀመሪያው ነው።

በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ ሸጌን ፀሐይ ትሙቅ ብለው ወደ ግቢው አወጧት። ጸጉሯ አንጸባርቋል። አሰለፈች ከቤት ጨው በመዳፏ ይዛ ወጣችና «ሸጌ፣ ሸጌዬ» ብላ ጠራች። ቁስሉ ድኗልና የፍርሃቱም ነገር ያለፈ መስሏት ነበር።

ሸጌ ድምጿን ስትሰማ ጅራቷን ሰቀለች። ፈርጥጣ መጥታ ከአያ ይሻው ኋላ ተወሸቀች፤ ራሷን ከጋቢው ሥር ቀበረች። ልቧ እንዴት እንደሚመታ በእግሩ ተሰማው።

አሰለፈች ጨዉን እንደያዘች ቆመች። ያቺ ጥጃ የአባቷ ስጦታ ናት፤ በእጇ ነው ያሳደገቻት። ልትቀልድ ሞከረች። «ከብት ሐኪሙን ያውቃል አላልክም?» አለችው። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

በየመንደሩ አጥር ጥግ ጅራታቸውን ሰቅለው የሚሸሹት ጥጆች፣ ገመድ በጥሰው ድንች ማሳ ውስጥ የሚገቡት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አያ ይሻው ፊት ድቅን አሉ። ሚስቱን አንዲት ጥጃ ሸሸቻት፤ ዓይኗ በእንባ ተሞላ። እሱን አገር ሙሉ ጥጃ ሲሸሸው ስንት ዘመን ነው፤ እሱ ግን ሲኮራበት ኖረ። አፍሮ ወዴት እንደሚያይ ጠፋው።

እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ የሚሄድበትን ፈለገ። አጥሩን አየ፤ አልላላም። የድንቹን ማሳ አየ፤ ዶማው እንደተከለው አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሸጌን እንዳያስበረግጋት ቀስ ብሎ፣ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ነይ እዚህ ተቀመጪ» አላት አሰለፈችን። «መዳፍሽን ክፍት አድርጊው። አትጥሪያት።»

አሰለፈች አጠገቡ ተቀመጠች። ጨዉ መዳፏ ላይ እንዳለ ፀሐዩ ወደ ላይ ወጣ፤ ጥላቸውም አጠረ። ሸጌ ከጀርባው ሆና አንዴ አፍንጫዋን ብቅ ታደርጋለች፣ ደግሞ ትመልሳለች።

ያን ቀን አልመጣችም። እሱም አልተነሣም።